ስትሞቅ የምትጠፋው

ባለፈው ሳምንት ሽቦን የተለየናት ጋራዡ በር ላይ ቆማ፣ የዳኛው መኪና በገዛ ሞተሯ ስትሄድ በዓይኗ ስትሸኛት ነበር። «ተገላገልኩ» ብላ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ነበር። ዛሬም የምናገኛት እዚያው በር ላይ ነው። መኪናዋ ግን እየሄደች ሳይሆን እየመጣች ነው፤ ያውም በገመድ እየተጎተተች።

«የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ከሚሠራበት ጉድጓድ ራሱን እንኳ ሳያወጣ። ጋራዡ የእሱ ነው። ሞተርና ፍሬን የእሱ ድርሻ ሲሆን መብራት፣ ባትሪና ሽቦ የተባለ ነገር ሁሉ የእህቱ ነው። ቅጽል ስሟም ከዚያው መጣ። ከቅጥነቷም ነው የሚሉ አሉ፤ እሷ ባለችበት ግን አይሉም።

ጎታቹ የጭነት መኪና ቆመ። ከኋላው ባለችው አሮጌ የቤት መኪና ውስጥ ጡረተኛው ዳኛ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ከረባታቸው ሳይዛነፍ፣ ችሎት ላይ እንዳሉ ሁሉ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ለመውረድ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል። ሽቦ እጇን ዘረጋችላቸው። አልያዙትም።

መጀመሪያ የነዳጅ ፓምፑን ቀይራ ነበር። ቀጥሎ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረውን ሴንሰር። ከዚያም እያንዳንዱን የሽቦ መገጣጠሚያ ፈትሻ፣ የዛገውን ጠርጋ፣ የላላውን አጥብቃለች። መኪናዋ ከጋራዡ ስትወጣ እየዘፈነች ነው፤ ዳኛው ይዘዋት ትንሽ እንደተጓዙ ግን ቀጥ ትላለች። ቆየት ብላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። መመርመሪያ ማሽኑ ሲሰካባት «ችግር የለም» ይላል። ሐኪም ፊት ሲደርስ የሚሸሽ፣ ጨጓራ የሚልጥ በሽታ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ዳኛው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አንቺ ለሙከራ ስትነጃት ጠፍታብሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ ጋሼ።»

«ልጄስ ሲነዳት?»

«እሱም ላይ ጠፍታ አታውቅም።»

«እኔ ላይ ብቻ ነዋ።» መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ። «መኪና ሰው አይለይም። ሰውን የሚለየው ሰው ነው።»

ሽቦ ፍርዱን ሰምታለች፤ መኪናዋን ሆን ብላ የምታበላሻት እሷ ናት፤ መኪናዋ በተበላሸች ቁጥር ልጃቸው ጋራዥ ይመላለሳላ።

አንጀቷን ያሳረረው ስም ማጥፋቱ ብቻ አልነበረም። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው። የዳኛው ልጅ ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰና አሁን ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው። ሽቦን ሊያገባት እንደሚፈልግ ለአባቱ ሊነግር ቃል ከገባ ሰነበተ። ቃሉን የሚያራዝምባትም በዚህችው መኪና ነው። «አሁን ተናደዋል» ይላታል፤ «መኪናዋ ትዳንና ልባቸው ሲረጋ እነግራቸዋለሁ።» ያቺ መኪና እንድትድን ከሽቦ አብልጦ የሚመኝ ፍጡር በምድር ላይ አልነበረም። እንግዲህ አበላሽተሻታል የምትባለው እሷው ናት።

ዳኛው በታክሲ ከሄዱ በኋላ ወንድሟ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ምን እንዳሏት ጠየቃት።

«ሰላምታ አቅርበውልሃል» አለችውና ኮፈኑን ከፍታ አንገቷን ሞተሩ ውስጥ ቀበረች። ፊቷን ማንም እንዳያየው የምትፈልግ ሰው ጋራዥ ውስጥ ሌላ መደበቂያ የላትም።

*

መምህሩ በማግስቱ ከትምህርት በኋላ በዝናብ መጣ። ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «መምህሩ» ነው የሚለው። ከባሕር ማዶ ከተመለሰ ወዲህ ሻንጣውን አልፈታም። ጠዋት ሸሚዙን ከሻንጣው አውጥቶ ይለብሳል፤ ታጥቦ ሲደርቅ አጣጥፎ ወደ ሻንጣው ይመልሰዋል። ስትጠይቀው «እዚህ መኖሬን ገና እያጣራሁ ነው» ብሏት ያውቃል። ያኔ ሳቀች። አሁን አያስቃትም።

አባቱ ያሏትን አልነገረችውም። ብትነግረው ይታመማል፤ ከታመመ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሰበብ ያገኛል።

ለሙከራ ወጡ። እሱ መሪውን ያዘ፤ እሷ ከጎኑ መመርመሪያ ማሽኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዳገቱን ወጡ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ገበያውን ዞሩ። ሞተሩ ሳል እንኳ አልነበረበትም።

«እባክሽ ጥፊ» አለቻት ሽቦ መኪናዋን።

«ሰው መኪና ሲለማመጥ ገና ዛሬ አየሁ» አለ መምህሩ።

«እሷ ትሻላለች። አልፎ አልፎ ወደፊት ትሄዳለች።»

ነገሩ የት እንዳረፈ ገባው። መጥረጊያው መስታወቱን እያፏጨ ሲጠርግ ሁለቱም ዝናቡን ማየት ጀመሩ። ጥቂት ቆይቶ ግን ዓይኑ ወደ እግሯ ወረደ። የግቢውን ጭቃ ስትሻገር ጫማዋ ውሃ ገብቶበት ነበር፤ ጣቶቿን እርስ በርስ እያሻሸች ነው። ምንም ሳይናገር ማሞቂያውን ከፈተና ወደ እግሯ መለሰላት።

ሙቀቱ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ጣቶቿ፣ ኋላ ቁርጭምጭሚቷ፣ በመጨረሻ ቁጣዋ ላላ። በዓይኗ ጥግ ስታየው እሱም ሲያያት ያዘችው። ፊቱን አላዞረም።

«ስሚኝ» አለ። «እኔ እኮ አንቺን…»

ሞተሩ ቀጥ አለ።

መንገዱ መካከል ነበሩ። ከኋላቸው ጡሩምባ ተንጫጫ። አንዱ ሾፌር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ፍቅራቸውን ዳር ይዘው እንዲቀጥሉ መክሯቸው አለፈ። ሽቦ አልሰማችውም፤ የምታየው ማሽኑን ነበር። ፓምፑ ወይም ሴንሰሩ ቢበላሽ የሞተሩ ኮምፒውተር ለማሽኑ ትናገር ነበር። አሁን ግን ማሽኑ የሚያነጋግረው አጥቶ «መልስ የለም» ይላል። ዝም ያለችው ስለ ሌሎቹ ሁሉ የምትመሰክረው ራሷ ኮምፒውተሯ ነች።

ሽቦ እጇን ከፊት ለፊቷ ካለው ክሩስኮቶ ሥር፣ ከእግሯ አጠገብ ሰደደች። የኮምፒውተሯ የብረት ሳጥን ማሞቂያው በሚተነፍስበት ልክ ተቀምጣለች። ትኩስ ነበረች።

«አባትህ ሲነዱ ማሞቂያ ይከፍታሉ?»

«ጉልበታቸውን ያማቸው የለ። በበጋም አይዘጉትም።» የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ዓይኑ ፈጠጠ።

መኪናዋ ሰው መለየቷ እውነት ነበር። የምትለየው ግን በጉልበት ሕመም ነው። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅ እጇ በእጁ ውስጥ ነበር፤ አልለቀቀውም።

መኪናዋን ገፍተው ዳር አስያዟት። ማሞቂያውን ዘግተው ሳጥኗ እስክትቀዘቅዝ እንደገና እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጠብቁ ስልኩ ጮኸ። አባቱ ናቸው። ሽቦ የምትሰማው የእሱን ብቻ ነበር።

«አዎ አባባ፣ ቁርጡን ዛሬ አወቅሁ። አልቆላታል… አይ፣ ብንሞክርም አይሆንም። ስትሞቅ ትጠፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች፤ እንዲህ ያለች አትታመንም… አዎ፣ ሌላ መፈለግ ነው… እርስዎ የሚያውቁት ቦታ ካለማ ደስ ይለኛል።»

ስለ ሳጥኗ መሆኑን ስለምታውቅ ሽቦ ፈገግ ብላ አዳመጠችው። ጋራዥ ውስጥ የሚወደድም የሚያናድድም ዕቃ ሁሉ ሴት ነው፤ እሱም ከእነሱ ተምሮ እንዲህ ማውራት ጀምሯል።

ስልኩን ሲዘጋ ቅድም የጀመረውን ነገር እንዲጨርስላት ጠየቀችው። አመነታ። መኪናዋ ከዳነች በኋላ በሰፊው እንደሚያወሩ ነገራት። ሽቦ እጇን ከእጁ አወጣች። እግሯ ገና ሞቃት ነበር፤ ሌላው ግን ሁሉ ቀዘቀዘ።

*

ሽቦ በግምት ዕቃ መቀየር ሰልችቷታል። በማግስቱ ጠዋት ከጋራዡ አጠገብ ፀጉር ቤት ካላት ከወንድሟ ሚስት የፀጉር ማድረቂያ ፎን ተዋሰች። ሞተሩን አስነሥታ በፎኑ ሳጥኗን ማሞቅ ጀመረች። ጠፋች። አቀዘቀዘቻት። ተነሣች። ደግማ አሞቀቻት። ደግማ ጠፋች። የወንድሟ ሚስት ደጃፏ ላይ ቆማ «ዛሬ ደግሞ መኪናዋን ልትተኩሻት ነው?» አለቻት፤ ካስክ ሥር የነበሩት ደንበኞቿ እየሳቁ ብቅ ብቅ አሉ። ሽቦ ግን ደስታዋ ወሰን አጣ። ያቺ መናጢ ለመጀመሪያ ጊዜ በትእዛዝ ጠፋችላት።

ሳጥኗን ፈታ ስትከፍታት ውስጧ ያሉት ትናንሽ በርሜል መሳይ ቁራጮች አብጠው፣ ከእነሱ የፈሰሰው ነገር የቦርዱን መስመሮች በልቷቸዋል። ጥገና የሚይዝ አልነበረም። ወንድሟ ከተጋጨች መኪና ላይ ያንኑ ዓይነትና ያንኑ ቁጥር ያላትን ሳጥን አፈላልጎ አመጣላት። ገጠመቻት። ሞተሩ ተነሣ፤ ሽቦ «እሰይ» ሳትል ጠፋ። ደግማ ሞከረች። ተነሥቶ ጠፋ።

«አሁንስ?» አለ ወንድሟ።

«ቁልፉን አታውቀውም።» ሽቦ ግንባሯን መሪው ላይ አስደገፈች። አዲሲቱ ሳጥን የምታውቀው የተጋጨችውን መኪና ቁልፍ ነው፤ የዳኛውን ቁልፍ እንደ ሌባ ቆጥራዋለች። ያለው መፍትሔ አንድ ነበር። የቁልፉን ማስታወሻ የያዘችውን ቺፕ ከአሮጌው ቦርድ ነቅሎ አዲሱ ላይ መበየድ። የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ የመበየጃው ካውያ ትንሽ ከቆየባት ትቃጠላለች፤ ከተቃጠለች ደግሞ መኪናዋ ባለቤቷን ለዘላለም ረሳች ማለት ነው።

ዳኛው የመጡት ቺፗ ተነቅላ አዲሱ ቦርድ ላይ በወረንጦ ተይዛ ሳለ ነው። የመጡት ደግሞ ፈገግ ብለው ነበር። ሽቦ እሳቸው ፈገግ ሲሉ አይታ ስለማታውቅ የታመሙ መሰላት።

«ልጄ ሁሉን ነገረኝ» አሉ፣ በርጩማ ስበው እየተቀመጡ።

«አዎ ጋሼ፤ ጥፋቱን አገኘነው» አለች፣ ዓይኗን ከካውያው ጫፍ ሳታነሣ።

«ጥፋትን ማመን ጨዋነት ነው። በመኪናዋም ነገር ተጠራጥሬሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ። እሱም ክፉ አልተናገረብሽም። ‹ስትሞቅ ትጠፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች፤ እንዲህ ያለች አትታመንም› ነው ያለኝ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልወጣውም።»

የካውያው ጫፍ አየር ላይ ቀረ።

ዳኛው ቀጠሉ፤ የሚያጽናኗት መስሏቸው ነበር። ያን ቀን ደውለው ‹ያቺን ነገር ምን አደረስካት?› ብለው ሲጠይቁት ልጃቸው እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጠኛል ብለው አልጠበቁም። ሌላ ላፈላልግልህ ወይ ቢሉት ደስ ይለኛል ብሏቸዋል። እሑድ የሐኪሙ ቤተሰብ ልጃቸውን ይዘው ለምሳ ይመጣሉ። ሽቦም ብትሆን ወጣት ናት፤ ሙያ አላት፤ ወግ ማዕረጓን ታያለች።

መጀመሪያ ሳቅ መጣባት። ‹ጋሼ፣ እሱ የነገረዎት ስለ ኮምፒውተሯ ነው› ብትላቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ነበር። አፏን ከፈተች፤ ግን ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። እንዴት ሊሳሳቱ ቻሉ? አባት ‹ያቺ› ሲሉ እሷን ማለታቸው ነው፤ ልጅ ‹ያቺ› ሲባል መኪና ነው የመጣበት። በዚያ ቤት ውስጥ እሷ አንድም ቀን ከ‹ያቺ› አልፋ ተጠርታ አታውቅም። ስም ያላት ሰው ብትሆን ኖሮ ማን ከብረት ሳጥን ጋር ያምታታት ነበር?

አላረመቻቸውም። ካውያውን አወረደች። የቺፗን እግሮች አንድ በአንድ በየደችና ልቧ ውስጥ የሚነደውን እዚያው አፍና ሥራዋን ጨረሰች።

*

መምህሩ ሲገባ አባቱን በርጩማ ላይ አይቶ ደነገጠ። ሽቦ ሳጥኗን ወደ ቦታዋ እየመለሰች ነበር። ከክሩስኮቶው ሥር ሆና፣ ራሷን ሳታወጣ፣ አባቱ ሊያመሰግኗት እንደመጡ፣ አልቆላታል ማለቱን እንደሰማች፣ እሑድም እንግዳ እንዳለበት በእርጋታ ነገረችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ አባቱ ዞረ።

«አባባ፣ እኔ ያልኩት ስለ ኮምፒውተሯ ነው።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ ልጅቷ ነው።»

«እኔ የሰማሁት ስለ መኪናዋ ነው።»

ወንድሟ ከጉድጓዱ ውስጥ ሳቁ አመለጠው። መምህሩም ሳቀ፤ ሸክም ከትከሻው እንደወረደለት ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ስሕተቱ ታወቀ፣ ተስተካከለ፣ አለቀ። ፈገግታውን ይዞ ወደ ሽቦ ዞረ። ሽቦ ከመኪናዋ ወጥታ ቆማ ነበር። ፈገግታው ተቀባይ አጣ።

«የእሷስ ነገር ገባን» አለችው። «የእኔስ?»

«ይኼ ቦታው…»

«ቦታው ምን ሆነ? ጋራዥ ስለሆነ ነው?» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ፀጉር ቤቱ ግን ፎኑን አጠፋ። «ሳጥኗ ቁጥር አላት። የትም ሄደህ ቁጥሯን ብትጠራ ማን መሆኗን ያውቁልሃል። እኔ አንተ ዘንድ ‹እሷ› ነኝ፤ አባትህ ዘንድ ‹ያቺ› ነኝ። ከዕቃ ጋር ቢያምታቱኝ አልፈርድባቸውም። ማን እንደሆንኩ የነገራቸው የለም።»

ሽቦ ቁልፉን ለዳኛው ሰጠቻቸውና እንዲያስነሡ ለመነቻቸው። ዳኛው ከልጃቸው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ቁልፉ አዩ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡና ቁልፉን አዞሩ።

ሞተሩ ተነሣ። አልጠፋም። በክፍቱ በር እጇን አሳልፋ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«ድናለች» አለች፣ መምህሩን ሳታይ። «አሁን ምን ቀረህ?»

የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ከታች ተነሥቶ መውጣት ጀመረ። ሽቦ ቀስቱን እያየች ከራሷ ጋር ተዋዋለች። መካከሉ ላይ እስኪቆም እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይህ ሰው ለእኔ ደንበኛ ነው። ቀስቱ ወጣ። እሱ ጫማውን ያያል። አሁንም ወጣ። ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ተመለሰ። ይህን ሰው እንዴት ወደድኩት? ስንት ሰው ሞልቶ፣ ለአንዲት ቃል ምጥ የሚይዘውን ሰው? ቀስቱ መካከሉ ላይ ደርሶ ቆመ። ሽቦ ጨርቋን አንሥታ ወደ ውስጥ መራመድ ጀመረች።

«እሑድ እንግዶቹ አይምጡ፣ አባባ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች።

ቆመች፤ አልዞረችም።

«ሰዎቹን ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ይህች…» እርምጃው ወደ እሷ ሲቀርብ ሰማች። «እጮኛዬ ናት። ካላንገራገረች የማገባት እሷን ነው… እጮኛዬን ነው የማገባው። እርስዎን ፈርቼ አይደለም እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት። እርስዎን ሰበብ አደረግኩ፤ መኪናዋንም ሰበብ አደረግኩ። ይህን ከተናገርኩ ወዲያ መሄድ እንደማልችል አውቅ ነበር። የፈራሁት እዚህ መቅረትን ነው። እሷ ደግሞ መቅረት ናት። ካለ እሷ ግን፣ አባባ፣ የትም ብሄድ የምደርስበት ቦታ የለም።»

ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዷ ደንበኛ፣ ቢጎዲኗ ራሷ ላይ እንዳለ፣ እንባዋን በፎጣ ጠረገች።

ዳኛው ሞተሩን አላጠፉም። ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው የሽቦ ጀርባ ላይ ቆየ፤ እንደ ወትሮው አልፏት አልሄደም።

«ስለ መኪናዋ ዛሬውኑ ልፈርድ እችላለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሠሪዋ ነፃ ናት። በሌላው ጉዳይ ግን ቀጠሮ እፈልጋለሁ።» በሩን ዘጉና ቀስ ብለው ወጡ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ።

መምህሩ መኪናዋን አልተከተላትም። ወንድሟ ባልተለመደ ጥድፊያ ከጉድጓዱ ወጥቶ አንድ ዕቃ ልግዛ ብሎ ሄደ። ሽቦ ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ የፈታቻቸውን ብሎኖች በየመጠናቸው መለየት ጀመረች።

«ተናድጃለሁ» አለችው፣ ሳትዞር።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። አንድ ቃል እኮ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ፣ ለአንድ ቃል።» አንዱን ብሎን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «ገና ብዙ ጊዜ እናደድብሃለሁ።»

«ተናደጂ» አለ ከኋላዋ። «የትም አልሄድም።»

መቆጣቷን ልትቀጥል ፈለገች፤ ብዙ ያጠራቀመችው፣ በየሌሊቱ በልቧ ያጠናችው ንግግር ነበራት። ፈለገችው፤ አንድም አላገኘችም። ብሎኖቹ ዓይኗ ውስጥ ዋኙ፣ ትልቁ ከትንሹ ተደባለቀ። ቆሽቷ እንዳረረ፣ ጉንጯ እንደረጠበ፣ በሰው ይህን ያህል መናደድና ሰውን ይህን ያህል መውደድ ባንድ ደረት ውስጥ እንዴት እንደሚያድሩ እየገረማት፣ ጀርባዋን እንዳዞረች እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችለት።